በገዛ እጅ የሚቆስል ቆዳ



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጠን ለመመለስ ወደናል። ጸሐፊዋ እናት ናቸው። ስማቸውና አድራሻቸው እንዳይወጣ አደራ ስላሉን አደራቸውን ጠብቀናል። ደብዳቤያቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጠባይዋ የተመሰገነ፣ በትምህርቷም ጎበዝ ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ፊቷንና ክንዷን በጥፍሯ እየቧጠጠች ታቆስላለች። ትንሽ ቡግር ከወጣባት እስኪደማ ድረስ ትነካካዋለች፤ ቅርፊት ሲይዝ ደግሞ መልሳ ትልጠዋለች። በቅርቡ ፀጉሯን ላበጥርላት ብዬ ሻሿን ባነሳ ከጆሮዋ በላይ መዳፍ የሚያክል ቦታ ተመልጦ አገኘሁት። ለካ ስታጠና ፀጉሯን አንድ በአንድ ትነቅለው ኖሯል። ተቆጣኋት፤ እጇን መታኋት፤ ጥፍሯን ከሥሩ ቆረጥኩት፤ ሌሊት እጇን በጨርቅ ጠቅልዬ አስተኛኋት። እያለቀሰች 'ሁለተኛ አልነካውም' ብላ ትምላለች፤ በማግሥቱ ያው ነው። አባቷ እልከኛ ሆናለች ይላል፤ አያቷ ዐይን በልቷት ነው ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ የያዛት ነገር አለ ይላል። ሠርግ ስንጠራ አልሄድም ትላለች፤ በሙቀትም እጅጌዋን አትሰበስብም። ልጄ ምን ሆና ነው? እኔስ ምን ላድርግ?»

እልከኝነት ነው ወይስ ሕመም?

እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልብዎን ያረጋጉ። ልጅዎን ያጋጠማት ነገር አዲስ አይደለም፤ ስም አለው፤ ሐኪሞች ያውቁታል፤ ሕክምናም አለው። እልከኝነት አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከራስዎ ደብዳቤ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እልከኛ ሰው አልተውም ይላል እንጂ እያለቀሰ አይምልም። ቤተሰቡን ለማናደድ የሚያደርገውም ሰው ቁስሉን በእጅጌና በሻሽ አይሸፍንም።

እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን በ1875 ቆዳቸውን በራሳቸው ጥፍር የሚያቆስሉ ሕሙማንን ጉዳይ ከነርቭና ከመንፈስ ጭንቀት ጋር አያይዘው ጽፈዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳዊው ሐኪም ሃሎፖ በ1889 ፀጉርን የመንቀል ሕመምን ገልጸው «ትሪኮቲሎማኒያ» የሚለውን ስም ሰጡት። ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም ብሮክ ደግሞ በ1898 ወጣት ሴቶች የፊታቸውን ቡግር እየነካኩ ወደ ቁስልና ጠባሳ የሚለውጡበትን ሁኔታ ለይተው አስቀመጡ። እንግዲህ የእርስዎ ልጅ ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት በፓሪስ ሐኪም ቤቶችም ይታይ ነበር ማለት ነው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባሳተመው የአእምሮ ሕመሞች መለያ ቆዳን የመቧጠጥ ሕመም ራሱን ችሎ እንዲቆም ተደርጓል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያም ፀጉር መንቀልንና ቆዳ መቧጠጥን በአንድ ክፍል መድቧቸዋል። ሕመም ለመባል መለኪያው ግልጽ ነው፦ ሰውየው ለማቆም ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው፣ ቆዳው ወይም ፀጉሩ ሲጎዳና በዚሁ ሰበብ ኑሮው ሲታወክ ነው። አልፎ አልፎ ቡግር መነካካት የማንም ልማድ ነውና ሕመም አይባልም። በጥናቶች ግምት ሕመሙ ያለባቸው ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ናቸው። በዚህ ስሌት 1000 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ውስጥ 10 ወይም 20 ያህሉ ይህንኑ ችግር ደብቀው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱም እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስባል።

እጅ ለምን እምቢ ይላል?

ልጅዎ ፈተና ሲደርስባት ወይም ቤት ውስጥ ኃይለኛ ቃል ሲሰነዘር በውስጧ አንድ የመወጠር ስሜት ይነሣል። እጇ ወደ ቆዳዋ ይሄዳል፤ ሻካራ ቦታ ያገኛል፤ ይቧጥጠዋል። ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ይላታል። አእምሮዋ ይህን ዕረፍት ይመዘግበዋል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ ይጠይቃል። ቀጥሎ መስታወት ታያለች፤ ታፍራለች፤ ትጨነቃለች። ጭንቀቱም መልሶ እጇን ይጠራዋል። ቁስሉም በበኩሉ ሲድን ያሳክካል፤ ቅርፊቱ ለጣት ይሻክራል፤ ስለዚህ እንደገና ይነካል። እንዲህ እያለ መውጫ የሌለው ክብ ይሆናል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳታውቀው ነው የምታደርገው። ዐይኗ ደብተሩ ላይ ሆኖ እጇ ፀጉሯን ይነቅላል፤ የምትነቃው መጽሐፉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ስታይ ነው። ታዲያ ባላወቀችው ነገር መመታቷ ምን ያስተምራታል? ቁጣና ዱላ የሚጨምሩት ያንኑ ጭንቀት ነው። ይህን የምንለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ያደረጉት ሁሉ ከእናትነት ፍቅር እንደሆነ እናውቃለን።

ቆዳና አእምሮ የተራራቁ ይመስሉናል እንጂ ዝምድናቸው ከማሕፀን ይጀምራል። ፅንስ ሲፈጠር የላይኛው ቆዳና የነርቭ ሥርዓት የሚወጡት ከአንድ የሕዋስ ሽፋን ነው። ስናፍር ፊታችን የሚቀላው፣ ስንፈራ ላብ የሚያሰምጠን፣ ቁርጥማታችንም ሆነ ማሳከካችን በጭንቀት ጊዜ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ አካባቢ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የመታየት ዝንባሌ አለው። ከመጠን ያለፈ ጭንቀት ወይም ድብርት አብሮት ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ከኋላው የተደበቀ ትልቅ ምሥጢር አለ ብሎ መደምደም አይገባም። ልጅቷን ማን ምን አደረገሽ እያሉ ማፋጠጥም ሆነ እናትን ጥፋተኛ ማድረግ ትክክል አይደለም። የምትናገረው ነገር ካለ እንድትናገር በሩን ክፍት ማድረግ ይበቃል።

በውዱእ የሚቆስል እጅ

ከዚህ ጋር የሚዘመድና በእኛ ቤት ብዙም የማይነገር ሌላ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ወጣቶች ውዱእ ለማድረግ ገብተው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። ታጥበው ጨርሰው ክርኔ አልረጠበ ይሆናል ብለው እንደገና ይጀምራሉ፤ ሦስት ጊዜ የሚበቃውን አሥር ጊዜ ያደርጉታል። እጃቸው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይደማል። ወላጅ ቅባት ይገዛል፤ ቅባቱ ግን ለቆዳው እንጂ ለስጋቱ አይሆንም። ይህ ወስዋስ ነው፤ በሕክምናም የታወቀ ሕመም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውኃ እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል። አንድ ሙድ የሁለት መዳፍ ሙሉ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ባልዲ ውኃ ጨርሶ አሁንም ልቡ ያልረካ ልጅ የጎደለው ውኃ አይደለም። ቀደምት ዑለማኦችም በጉዳዩ ላይ ጽፈዋል፤ ኢብኑ ቁዳማ ወስዋሰኞችን የሚመለከት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ትተዋል። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ ከ850 እስከ 934 የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ አካልንና ነፍስን ስለ መጠበቅ በጻፉት መጽሐፍ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ አስቀምጠው ሕክምናቸውን አብራርተዋል። ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን እንዳይዘነጉ አሳስበዋል። ወስዋስ ያለበት ሰው ብቻውን መቀመጥ እንዳያበዛም መክረዋል። ከ1000 ዓመት በፊት የተሰጠ ይህ ምክር ዛሬም አላረጀም፤ ልጅዎም ቆዳዋን የምትቧጥጠው ብቻዋን ስትሆን መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከመፍረድ በፊት መመርመር

ቆዳ የሚያክክ ሁሉ የጭንቀት በሽተኛ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይያት። እከክ፣ ጭርትና የቆዳ ድርቀት ያሳክካሉ። ቆረቆርና ላሽ ፀጉር ይመልጣሉ። ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ሲያሳክክ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር ወይም የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቁስሉ የት የት እንዳለ ያያል፤ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ቁስል ኖሮ እጅ የማይደርስበት የጀርባ መካከል ንጹሕ ከሆነ ይህ አንድ ምልክት ይሰጠዋል።

ሐኪሙ ሌሎች ሁኔታዎችንም ይለያል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ቁስሉን በድብቅ ራሱ ይፈጥርና እኔ አላደረግኩትም ይላል። ይህም ውሸታም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በቃል ሊናገረው ያልቻለ ችግር ሊኖረው ይችላል። ሌላው ደግሞ የውስጥ ሥቃይ ሲበዛበት ሆን ብሎ በምላጭ ወይም በእሳት ራሱን ይጎዳል። ይህኛው ጊዜ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ወይም ልጅዎ መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ከተናገረች «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው በርጋታ ይጠይቋት። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣባትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልላታል። መልሷ አዎን ከሆነ ብቻዋን አይተዉአት፤ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቧ ያርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የነቀለችውን ፀጉር ትበላዋለች ወይ? አንዳንዶች ይውጡታል። ፀጉር በሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ እንደ ኳስ ይሆንና በቀዶ ሕክምና እስከ መውጣት ይደርሳል። የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ ወይም መክሳት ካለባት ይህን ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ።

ሕክምናው

ዛሬ በብዛት የሚመከረው ልማድን የመቀልበስ ሕክምና ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ናታን አዝሪን ከባልደረባቸው ጋር በ1973 አቅርበውታል። መሠረቱ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ማወቅ። ልጅቷ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ትይዛለች፤ እጇ ወደ ቆዳዋ ወይም ወደ ፀጉሯ በሄደ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና በልቧ የነበረውን ስሜት ትጽፋለች። በሳምንት ውስጥ ጠላቷ መቼና የት እንደሚመጣ ታውቃለች።

ሁለተኛ፣ መተካት። ግፊቱ ሲመጣ እጇን ጨብጣ ወይም ጣቶቿን አቆላልፋ ግፊቱ እስኪበርድ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ትቆያለች። ሙስበሓ መያዝ፣ ሹራብ መሥራት፣ ጥልፍ መጥለፍም ጣትን ያሳርፋል።

ሦስተኛ፣ መንገዱን መዝጋት። የምታጠናው ብቻዋን ሳይሆን ሰው ባለበት ክፍል ይሁን። መስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ ይጠር። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ ይሸፈን። ጥፍሯን ራሷ ታሳጥረው፤ በቅጣት መልክ አይቆረጥባት።

ይህን የሠለጠነ ባለሙያ ቢመራው ይበልጥ ይሠራል። ጭንቀት ወይም ድብርት አብሮ ካለ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ኤን-አሴቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት በ2009 እና በ2016 በአዋቂዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ በ2013 ፀጉር በሚነቅሉ ልጆች ላይ ሲሞከር ግን ጥቅሙ አልታየም። ስለዚህ ለሌላው የሠራ መድኃኒት ለእኔም ልጅ ይሆናል ብለው ከመድኃኒት ቤት አይግዙ።

ቁስሉን በተመለከተ በውኃና በሳሙና ቀስ ብሎ አጥቦ ቫዝሊን ቀብቶ መሸፈን ነው። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላልና ቁስል ላይ አያድርጉበት። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ የአለርት ሆስፒታል፣ ወሎ ላይ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ለአእምሮ ሕክምና የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ብዙ ቤተሰብ የአማኑኤልን ስም ሲሰማ ልጄን እብድ ሊሏት ነው ብሎ ይሸሻል። በሩን የሚረግጥ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ፣ ያዘነም ይታከምበታል።

አያትና ጎረቤት ያሉትንስ?

አያት የሚሉትን በአክብሮት ይስሙ። ቁርኣን ቢቀራላትና ዱዓእ ቢደረግላት መልካም ነው፤ ለልብም መጽናኛ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረውናል። ስለዚህ ዱዓእና ሕክምና አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ልጅቷን አስሮ ማቆየት ወይም እየደበደቡ የያዛትን ማስለፍለፍ ግን ሕክምና አይደለም፤ ጉዳት ነው።

አባትም ቢሆኑ ድርሻ አላቸው። እልከኛ የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። በእንግዳ ፊት ስለ ፊቷ ምንም አይነሣ። ሲነጋ ቆዳዋን ከመመርመር ይልቅ እንዴት አደርሽ ይበሏት። የተሻለ ቀን ስታሳልፍ ያበረታቷት፤ ሲብስባት ደግሞ ምን ሆንሽ ሳይሆን ዛሬ ከበደሽ ወይ ብለው ይጠይቋት። ሕመሙ በአንድ ሳምንት አይለቅም፤ ይሻላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሻላል። መመለሱ ሽንፈት አይደለም።

ለልጅቷ

አንቺም ልጃችን፣ እናትሽ ይህን ቢያሳዩሽ ይህቺ ክፍል ያንቺ ናት። ክፉ ልጅ አይደለሽም፤ ኢማንሽም ስለ ጎደለ አይደለም የሆነው። ብቻሽንም አይደለሽም። ሻሽሽ የተነሣበት ቀን ትልቅ ኀፍረት እንደተሰማሽ እንገምታለን፤ ይሁንና ከዚያን ቀን ወዲህ ሸክሙን ብቻሽን አትሸከሚም። የቆዳ ጠባሳ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የተነቀለ ፀጉርም በጊዜ ከተተወ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ዛሬ እንድታቆሚ አንጠይቅሽም። ዛሬ የምንጠይቅሽ ማስታወሻ ደብተር እንድትይዢ፣ ሲከብድሽም ለምታምኚው አንድ ሰው «ከበደኝ» እንድትይ ብቻ ነው።

እህታችን፣ ዛሬ ማታ ልጅዎ ስታጠና ደብተር ወይም ሹራብ ይዘው ከአጠገቧ ይቀመጡ። እጇ ወደ ፀጉሯ ሲሄድ ካዩ አይምቱት፤ በእጅዎ ያዝ ያድርጉትና ይቀመጡ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም አብረው ይግቡ። አላህ ለእርስዎ ትዕግሥቱን፣ ለልጅዎ ዓፊያውን ይስጥልን።

ወሏሁ አዕለም። ለሚቀጥለው ወር ያድርሰን፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።